ስለ እግራችን እስከ አሶሳ

አምባሰል የቀሩት ዘመዶቼ አሶሳን የሚያውቋት በወሬ ነው። ሙቀቷ ሰው ይቀቅላል፣ እባቡ ከጣሪያ ይወርዳል፣ የሄደ አይመለስም ሲባል ሰምተዋል። እኔ ከድርቁ በኋላ ከሰፋሪዎች ጋር መጥቼ፣ ከባምባሲ ወጣ ብሎ ባለ የሰፈራ አምባ ውስጥ እኖራለሁ። አምባችን ስም የለውም፤ ቁጥር ነው ያለው። እውነቱን ለመናገር እኔም አሶሳን በቅጡ ሳላያት ዓመታት አልፈዋል። ያየኋት ባለፈው ግንቦት ነው፤ የሄድኩትም ለገበያ ወይም ለዘመድ ጥየቃ ሳይሆን ስለ እግሬ አቤት ለማለት ነበር። ዘመዶቼ እዚህ አይመጡም። መንገዱን ቢያንስ በእኔ ዓይን እንዲያዩት ከተመለስኩ በኋላ ይህን ጻፍኩ።

ግራ እግሬን ዝሆኔ ይዞኛል። ከአገር ስነሳ ያበጠው ቁርጭምጭሚቴ ብቻ ነበር። እዚህ በቀዩ ጭቃ በባዶ እግር ስናርስና ስናርም ወደ ጉልበቴ ወጣ። እብጠቱን ሰው ይለምደዋል። የማይለመደው ሲነሳ ነው። ያን ጊዜ እግሩ ቀልቶ እንደ ፍም ይግላል፣ ብሽሽቴ ላይ ንፍፊት ይወጣል፣ ብርድ ብርድ ይለኛል፣ ከዚያ በኋላ ለቀናት መቆም የለም። በአምባችን እንደኔ ያሉ ብዙ ሰዎች አሉ፤ ከወሎ የመጡም፣ ከከምባታ የመጡም። ሕመሙ የሚነሳብን ደግሞ በክረምት፣ ልክ አረሙ በሚበረታበት ጊዜ ነው። በጋራ እርሻው ስምሪት ላይ ያልተገኘ ሰው የሥራ ነጥብ አያገኝም፤ ነጥብ የሌለው ሰው እህል ሲከፋፈል ድርሻው ይጎድላል። ክሊኒካችን ያለው የወባ ክኒን ነው። ታመምኩ ብሎ የሄደ ሰው የወባ ክኒን ውጦ ይመለሳል፤ በማግስቱ ካልተነሳ ሰነፍ ተብሎ ይጻፍበታል።

የሚጽፈው የአምባው ካድሬ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነው፤ ክፉ አልነበረም። ተሰብስበን ሄደን ስንነግረው አዳምጦን ሲያበቃ፣ "ይህ ከእኔ በላይ ነው፤ አሶሳ ሄዳችሁ ለአውራጃው አስተዳደር አመልክቱ" አለን። ሁላችንም መሄድ ስለማንችል ሁለት ሰው መረጥን። አንደኛዋ እኔ ነኝ፤ በመሠረተ ትምህርት አስተማሪነቴ መናገር ትችያለሽ ተብዬ። ሁለተኛው ጋሽ ላምቦሬ ነው፤ የከምባታ ሰው፣ ጠጉሩ የነጣ፣ ሁለቱም እግሮቹ ያበጡ፣ ነገር የማያበዛ።

ሦስተኛዋን የመረጠው እሱ ነው። ሐዋ ትባላለች፤ ከአምባችን ማዶ ካለው የበርታ መንደር ነች። ገበያ ላይ የቀርከሃ ቅርጫት ትሸጣለች፤ እግሯ ከእኔ ይብሳል። "የአገሩ ሰው ከሌለ ከወሎና ከከምባታ ይዛችሁት የመጣችሁት ነው ይሉናል" አለ ጋሽ ላምቦሬ። ሄደን ስንጠይቃት ብዙ አላሰበችም። "እኔም ይሄዳል" አለች፤ "እኔም ጥያቄ አለው።"

*ሰኞ*

ሰፋሪ ያለ ይለፍ ወረቀት ከአምባው አይወጣም፤ ጠፍቶ ወደ አገሩ የሚመለስ ብዙ ነውና። ካድሬው ለእኔና ለጋሽ ላምቦሬ እስከ ቅዳሜ የሚያገለግል ወረቀት ሰጠን። "ቅዳሜ ካልደረሳችሁ ጠፍተዋል ብዬ ነው የማመለክተው" አለን። "እኔም የምጠየቅበት ነገር ስለሆነ ነው።" ጠፍቷል የተባለ ሰው ቤቱና ድርሻው ለሌላ ይሰጣል። ለሐዋ ወረቀት አያስፈልጋትም፤ የምትሄደው በገዛ አገሯ ነው።

ባዶ የናፍጣ በርሜል ወደ ባምባሲ የሚያደርስ ትራክተር ነበረና ተሳቢው ላይ ወጣን። መንገዱ በቀርከሃ ጫካ መሀል ያልፋል። አምባሰል ላይ ሆኖ ሰው የሚያየው ገደልና ሰማይ ነው፤ ዓይን የሚያግደው የለም። እዚህ ግን ከመንገዱ ግራና ቀኝ ካለው ቀርከሃ አልፎ የሚታይ ነገር የለም። መጀመሪያ የመጣን ሰሞን ይህ ያስለቅሰን ነበር። አሁን ለምደነዋል፤ ቤታችንም አጥራችንም አልጋችንም ከሱ ነው።

አንድ ወንዝ ላይ ስንደርስ ተሳቢው ጭቃ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ዝናቡ ገና መጀመሩ ቢሆንም ቀዩ አፈር አንዴ ከራሰ መንኮራኩር ይውጣል። ሾፌሩ በአክብሮት፣ "እናንተ እንኳ ቁጭ በሉ" አለን፤ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ሲያቅተው ግን ዘወር ብሎ አየን። ክብደታችንን ማውረድ ነበረብን።

"እንውረድ" አለ ጋሽ ላምቦሬ። "ልንናገር የምንሄደው ስለ ጭቃ አይደል።"

እስከ ቅልጥማችን በሚደርስ ጭቃ ተሻገርን። እኔ ከጣቶቼ መሀል የተሰነጠቀ ቁስል ነበረኝ፤ ጨርቅ አስሬበት ነበር። ጨርቁ እዚያው ቀረ።

ባምባሲ የደረስነው አመሻሹ ላይ ነው። ያረፍነው አዴ ጫልቱ ከሚባሉ የወለጋ ሰው ቤት ነበር። ጋሽ ላምቦሬ ጴንጤ ነው፤ እሳቸውም እንደዚሁ፤ የሚተዋወቁት በጸሎት ነው። ያን ጊዜ ጸሎት ቤታቸው ተዘግቶ ስለነበር የሚጸልዩት ቤት ለቤት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር። አዴ ጫልቱ በር ላይ ተቀብለውን "አከም ጅርቱ" ብለው ከጠየቁን በኋላ በሳፋ የሞቀ ውሃ አመጡ።

የእንግዳ እግር ማጠብ በእኛም አገር አለ። ግን እግሬ እንዲህ ከሆነ ወዲህ ለማንም ሰጥቼው አላውቅም። አገር ቤት በነበርኩበት ጊዜ የገዛ አማቴ እንኳ ውሃውን ታስቀምጥልኝና ዞር ትል ነበር። አዴ ጫልቱ ቁጭ ብለው እግሬን ወደ ሳፋው ሳቡት። ምን ሆነሽ ነው አላሉኝም። ጭቃውን በእጃቸው አጠቡ፣ በጣቶቼ መሀል አደረቁ፣ ቁስሉ ላይ ለጋ ቅቤ አደረጉበት። ከእኔ ቀጥሎ ሐዋን አጠቡ። ጋሽ ላምቦሬ ግን ሳፋውን ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ፤ ራሱ ታጥቦ ተመለሰ።

እራት የጤፍ ቂጣ ቀረበልን፤ ቅቤና በርበሬ የፈሰሰበት። ጩምቦ ይሉታል። በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ቅቤ የሚፈሰው ለሠርግ ነው። ለሦስት ጭቃ የለበሱ መንገደኞች በአዘቦት ቀን ሲፈስ ማየት አሳፈረኝ፤ ቢሆንም በላሁ።

*ማክሰኞ*

ከባምባሲ ወደ አሶሳ እህል የጫነ መኪና አገኘን። ረዳቱ እግራችንን ሲያይ፣ "ይሄ ነገር ይጋባል" ብሎ ከሰው ርቀን በጆንያዎቹ ጫፍ ላይ እንድንቀመጥ አደረገን። ጫፉ ላይ መያዣ የለም። መኪናው ሲዘል ሐዋ ከጆንያው ተንሸራትታ ልትወድቅ ስትል አንድ ወታደር ክንዷን ያዘና ወደ መሀል ሳባት። ከዚያ በኋላ ሰዉ ራሱ ተጠጋጋና ቦታ ሰጠን። ረዳቱም አልከለከለም።

ኬላው ላይ ጠባቂው የእኔንና የጋሽ ላምቦሬን ወረቀት ከላይ እስከ ታች አነበበ።

"ሰፋሪዎች ናችሁ። ልትጠፉ ነው አይደል?" አለ።

ጋሽ ላምቦሬ ሱሪውን ትንሽ ከፍ አደረገና እግሩን አሳየው። "በዚህ እግር ከምባታ ድረስ?"

ጠባቂው ሳቀ፤ ወረቀቱንም መለሰልን።

አሶሳ ዘመዶቼ እንደሚሉት አይደለችም። ዝናብ ጥሎ ነበርና አየሩ ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ እኔ ነጠላ ደርቤ ነው የገባሁት። ከተማዋ ቆርቆሮ ቤቶችና የማንጎ ዛፎች ናት። የማንጎው ዛፍ ከቤቱ ይበልጣል። ወቅቱ ስለነበር ፍሬው በየመንገዱ ዳር ወድቆ ፍየል ይበላዋል። አምባሰል ኮክ ሲደርስ እንዲህ መንገድ ላይ ቢወድቅ ሰው ይጣላበት ነበር።

ያረፍነው የሐዋ እህት ዘሃራ ቤት ነው። ባሏ ነጋዴ ነው፤ ቤቷ ክብ፣ ግድግዳው የተጠለፈ ቀርከሃ። እንደገባን ማንጎ፣ ውሃ፣ ከዚያ ሻይ ቀረበ። ቀጥሎ በትልቅ ሳህን ገንፎ መጣ፤ የማሽላ ገንፎ፣ ከላዩ ባሚያ ወጥ የፈሰሰበት። በእኛ አገር ገንፎ የአራስ ምግብ ነው። እኔ ገንፎውን ሳይ ወደ ቤቱ ውስጠኛ ክፍል አማትሬ "ማን ወለደ?" ብዬ ጠየቅሁ። ሐዋ ጥያቄዬን በበርታኛ ስትነግራቸው ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እነሱ ዘንድ ገንፎ የዘወትር እራት ነው። ያ ቤተሰብ እስከ ዓርብ ድረስ ገንፎ በቀረበ ቁጥር "ማን ወለደ?" እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

አንድ ነገር ግን ዘግይቼ ነው ያስተዋልኩት። ወጡ ውስጥ ሥጋ አልነበረም። እነሱ ለብቻ የያዙት ሥጋ ነበራቸው፤ እኔና ጋሽ ላምቦሬ ክርስቲያን መሆናችንን አውቃ ዘሃራ ለይታ ነው የሠራችው። አገር ቤት ሙስሊም ጎረቤቶቻችን እንዲሁ ያደርጉልን ነበር። ያን ለማድረግ ቋንቋችንን ማወቅ አላስፈለጋትም።

*ረቡዕ*

ጠዋት ወደ አውራጃው አስተዳደር መሥሪያ ቤት ሄድን። በረንዳው ላይ ብዙ ሰው ነበር። ጸሐፊው ስማችንን ከጻፈ በኋላ "ጉዳያችሁ?" አለ።

"የእግር ሕመም ነው" አልኩት።

"ሐኪም ቤቱ እዚያ ማዶ ነው።"

"ለሕክምና አይደለም የመጣነው። ምክትል አስተዳዳሪውን ማነጋገር ፈልገን ነው፣ ጌታዬ" አለ ጋሽ ላምቦሬ።

"ጌታዬ ብሎ ነገር ቀርቷል፤ ጓድ በሉ" አለ ጸሐፊው። ጋሽ ላምቦሬ ጓድ አለ። እስከ ቀትር ጠበቅን፤ ከቀትር በኋላም ጠበቅን። ምክትል አስተዳዳሪው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። ቢሮው ሲዘጋ "ነገ ኑ" ተባልን።

ከደረጃው ስወርድ የግራ እግሬ በረባሶ ማሰሪያው ተበጠሰ። በረባሶ ከመኪና ጎማ የሚሠራ ጫማ ነው፤ ለእግሬ የሚበቃ ሌላ ጫማ የለም። እሱም ቢሆን ስለሚጠብበኝ ጎኑን በቢላዋ ቀድጄው ነበር። ባዶ እግሬን መንገዱ ዳር ቆሜ ሳለሁ ሐዋ ከማንጎ ጥላ ሥር የሚሠራ አንድ ሽማግሌ ጫማ ሰፊ ጠራችልኝ። ሽማግሌው በረባሶውን አላነሳም፤ መጀመሪያ እግሬን በገመድ ለካ። አሮጌውን ማሰሪያ ጥሎ ከሌላ ጎማ ረዥም ማሰሪያ ቆረጠ፣ እግሬ ሲያብጥ የሚፈታ፣ ሲጎድል የሚጠብቅ መቆለፊያ አበጀለት። አማርኛ አያውቅም፤ በምልክት አስረዳኝ። ሲጨርስ "ኸላስ" ብሎ ራሱ አጠለቀልኝ። ልከፍለው ስል ገንዘቡን መለሰልኝና ሐዋን አንድ ነገር አላት።

"ምን አለ?"

"እኔ ማንጎ ሥር ሁልጊዜ አለ፣ ሌሎች እግር ካለ ይምጣ፣ አለ።"

*ሐሙስ*

ረፋዱ ላይ ገባን። ምክትል አስተዳዳሪው ጎልማሳ ሰው ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል፣ እንቅልፍ ያጣ ይመስላል። "ጓዶች፣ ተቀመጡ" አለ። ሐዋ ወንበር አልለመደችምና መሬት ልትቀመጥ ስትል ተነስቶ ወንበር አቀረበላት። ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልፈልግም።

የተነጋገርነውን ሁሉ ተናገርኩ። የምንለምነው ሁለት ነገር ነው አልኩ። አንደኛው፣ እግራችንን የምናጥብበት ሳሙናና የሚያይልን ሰው፤ ሁለተኛው፣ እግራቸው የታመመ ሰዎች በክረምት ከጭቃው ወጥተው ሌላ ሥራ እንዲመደቡ። ቅርጫት መሥራት፣ እህል መፈልፈል፣ መጋዘን መጠበቅ እንችላለን አልኩ። ሥራ አንጠላም፤ የምንጠላው ጭቃውን ነው።

እስከ መጨረሻው አዳመጠኝና እንዲህ አለ። "ይህ በሽታ እዚህ አገር የለም። ከየመጣችሁበት ይዛችሁት ነው የመጣችሁት። እንዲያውም ስትመዘገቡ እንዴት እንዳለፋችሁ ነው መጠየቅ ያለበት።"

ይህን እንደሚለን ብንገምትም አባባሉ አስደነገጠኝ። እንዴት እንዳለፋችሁ የሚለው ነገር ጣጣው ብዙ ነው፤ ከምዝገባ ሊያሰርዝ ይችላል። ጋሽ ላምቦሬ ወደ ሐዋ ዞረ።

ሐዋ ጨርቋን ከፍ አድርጋ እግሯን አሳየች። "እኔ ከየት ይመጣል?" አለች። "እኔ እዚህ ተወለደ። እናቴ እግሩ እንዲህ ነበረ። የእናቴ እናት እግሩ እንዲህ ነበረ። ያን ጊዜ ሰፋሪ የለም። ወላሂ፣ አንድ ሰፋሪ የለም።"

ሰውየው እግሯን ረዘም ላለ ጊዜ አየ። ከዚያ የእኔን፣ ከዚያ የጋሽ ላምቦሬን አየ። "ከያዘሽ ስንት ዓመት ሆነው?" አላት። "ልጅ ሆኜ ጀመረ" አለችው። ከዚያ በኋላ ስለ ምዝገባው አላነሳም።

"የእርዳታ መጋዘን ውስጥ ሳሙናና የቁስል ጨርቅ አለ" አለ። "ለአምባችሁ እንዲሰጥ አዛለሁ። የሚያስተምርና ቁስል የሚያጥብ ድሬሰርም በወር አንድ ቀን ወደ አምባው እንዲመጣ አደርጋለሁ።"

"ለእኔስ?" አለች ሐዋ።

"ዕቃው ለሰፋሪ የመጣ ነው። ነባሩ ሕዝብ በሌላ በጀት ነው።"

"እሱ የት አለ?"

"ለጊዜው የለም።"

ለማስረጃ ብለን ይዘናት መጥተን፣ ማስረጃዋ ተቀባይነት አግኝቶ እሷ ቀረች። እኔ ሳሙናውን አንፈልግም ልል አሰብኩ። ወዲያው ደግሞ አምባው ውስጥ ተኝተው የሚጠብቁን ሰዎች ትዝ አሉኝና አልተናገርኩም። ጋሽ ላምቦሬም አቀርቅሮ ነበር።

"እሺ" አለች ሐዋ፣ ድምጿን ሳትለውጥ። "ሳሙና ለሰፋሪ፣ እሺ። ድሬሰር ግን አምባ አይሂድ። ገበያ ይምጣ። ገበያ ሰፋሪ አለ፣ እኛ አለ፣ ኦሮሞ አለ። ድሬሰር ደመወዙ የመንግሥት ነው፣ የሰፋሪ አይደለም።"

ምክትል አስተዳዳሪው ፊቱ ትንሽ ፈታ አለ። "በየትኛው ቀን ነው ገበያችሁ?" አላት። ነገረችው፤ ጻፈው።

የቀረው የጭቃው ነገር ነበር። ስጠይቀው ራሱን ነቀነቀ። "ማን የት ይመደብ የሚለው የአምባው ጉዳይ ነው። ካድሬያችሁን ጠይቁ።"

"እሱ ነው ወደ እርስዎ የላከን" አለ ጋሽ ላምቦሬ።

"እኔ ደግሞ ወደ እሱ እልካችኋለሁ" አለ። አልተቆጣም። የተቀረው ሰው በረንዳው ላይ እየጠበቀ ነበርና ተነሳን።

ወጥተን መንገዱን ጥቂት ከሄድን በኋላ ሐዋን፣ "ሳሙናውን እናካፍልሻለን" አልኳት።

"እሱ አውቃለሁ" አለች። "ለእኔ አይደለም። የእኔ መንደር እግር ብዙ ነው። የእናንተ ሳሙና አይበቃም።"

*ዓርብ*

ዘሃራ ማንጎ በቅርጫት ሞልታ ለመንገድ ሰጠችን። ወደ ባምባሲ የተመለስነው በሌላ መኪና ነው፤ ይህኛው ረዳት ስለ እግራችን ምንም አላለም። ግማሽ መንገድ ላይ ስንደርስ ብሽሽቴ ላይ ንፍፊቱ ተሰማኝ። ዝም አልኩ። የሰኞው ጭቃ ሥራውን ሠርቶ ነበር። ባምባሲ ስንደርስ ጥርሴ ይንገጫገጭ ስለነበር መደበቅ አልቻልኩም። አዴ ጫልቱ ጋቢያቸውን ደራርበው አስተኙኝ።

*ቅዳሜ*

መነሳት አልቻልኩም። እግሬ ከመጠኑ በላይ አብጦ ቀልቷል፤ ልብስ ሲነካው ያስጮኸኛል። ወረቀታችን ግን የሚያበቃው በዚያው ቀን ነው።

"ጋሽ ላምቦሬ፣ እርስዎ ይሂዱ" አልኩት። "ሁለታችንም ጠፍተዋል ከምንባል እርስዎ እንኳ ይድረሱ።"

"አንቺን ጥዬ ብደርስ እሷ ጠፍታለች ነው የሚሉኝ" አለ። "ታማለች ብል ማን ያምነኛል? እኔ ራሴ ሰነፍ ተብዬ የተጻፍኩ ሰው ነኝ።"

ሐዋ ተነሳች። ትራክተር እስኪገኝ አልጠበቀችም። በእግሯ ሄደች፤ ያንን እግር ይዛ። መንገድ ላይ የአህያ ጋሪ አግኝታ የተወሰነ መንገድ እንደረዳት በኋላ ነግራናለች። ካድሬው ቤት የደረሰችው ሊመሽ ሲል ነው።

"'ፈንታዬና ላምቦሬ የሉም፣ ጠፉ' አለኝ" ብላ አጫወተችኝ። "እኔ 'ጠፋ አይደለም፣ ተኛ' አልኩት። 'ማን አየ?' አለ። 'ና፣ አንተ ይየው' አልኩት።"

*እሑድ*

ካድሬው በትራክተር መጣ። በር ላይ እንደቆመ ድምፁን ሰማሁ፤ "ፈንታዬ፣ ተነሺ እንሂድ" አለ። የመጣው ሊያየኝ ሳይሆን ሊወስደኝ ነበር። አዴ ጫልቱ መንገድ ሰጡትና ወደ ተኛሁበት መደብ ቀረበ።

"እጅህን አድርግበት" አሉት፣ ጋቢውን ገልጠው።

"ይበቃል፣ አየሁት።"

"አላየህም። አድርግ።"

እጁን እግሬ ላይ አሳረፈ። ወዲያው አነሳው። ከዚያ መዳፉን አየና አንዲት ዱካ ስቦ ተቀመጠ።

"የሁላችሁም እንዲህ ነው የሚሆነው?" ብሎ ጋሽ ላምቦሬን ጠየቀው።

"እንዲህ ነው፣ ጓድ።"

"ለምን አልነገራችሁኝም?"

"ነግረንዎታል። ክሊኒኩ የወባ ክኒን ሰጠን፤ እርስዎ ሰነፍ ብለው ጻፉብን።"

አዴ ጫልቱ ወተት ሰጡት፤ ጠጣ። ተሳቢው ላይ ድርቆሽ አስነጥፎ እኔን አስተኛኝና ወንዙ ጋ ስንደርስ ትራክተሩን አስቁሞ፣ ሾፌሩና እሱ እየተጋገዙ ተሸክመው አሻገሩኝ። የሱ አንድ ጫማ ጭቃ ውስጥ ቀረ። በአንድ እግሩ ካልሲ ነው አምባ የገባው።

*ከዚያ በኋላ የሆነው*

ሳሙናውና ጨርቁ መጣ። ድሬሰሩም በገበያ ቀን መጣ። በመጀመሪያው ቀን ማንም እግሩን ለመግለጥ አልደፈረም፤ ሐዋ ግን ከመንደሯ ሴቶች ይዛ መጥታ ስለነበር በነሱ ተጀመረ። አልፎ አልፎ ይቀራል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ይመጣል። እግር እንዴት እንደሚታጠብ፣ በጣት መሀል እንዴት እንደሚደርቅ፣ ስንተኛ ከፍ አድርገን እንድንተኛ አሳየን። እግሬ አልዳነም። የሚነሳብኝ ግን እየራቀ ነው።

የስምሪቱ ነገር ሌላ ሆነ። በሐምሌ የአረም ምድብ ሲነበብ የእኔ ስም ከዚያ ወጥቶ ዘር ለቀማ ውስጥ ገባ። የሌሎቹ ግን እዚያው ነበር። ሄጄ ካድሬውን ጠየቅሁት።

"አንቺን አይቻለሁ" አለኝ። "ሌሎቹን አላየሁም። ያላየሁትን ብጽፍ ነገ ሁሉም እግሬን ይላል፤ እኔም ምርቱ ለምን ጎደለ ተብዬ እጠየቃለሁ።"

ይህን ለጋሽ ላምቦሬ ስነግረው አልተናደደም። ቀርከሃ ቆርጦ ጠንካራ ቃሬዛ ሠራ። ከዚያ ወዲህ በአምባችን የማንም ሰው እግር ሲነሳበት አራት ሰው ሆነን በቃሬዛ ተሸክመን ካድሬው በር ላይ እናወርደዋለን። አንጮህም፣ አንለምንም። "ጓድ፣ እጅዎን ያድርጉበት" እንላለን። ያደርጋል። ስሙን ይጽፋል። መልሰን እንወስዳለን። አንድ ጊዜ ምሳ እየበላ ሳለ ሁለት ሰው አከታትለን አመጣንበት። አንድ ጊዜ ደግሞ ከሐዋ መንደር አንድ ሽማግሌ ተሸክመው አመጡለት። ይህኛው የጋራ እርሻችን ሰው እንዳልሆነ ቢነግራቸውም እጁን አሳርፎ ነው የመለሳቸው።

ጋሽ ላምቦሬ ራሱ ሲነሳበት በቃሬዛው አልተኛም። በዱላ እየተመረኮዘ፣ እየተንቀጠቀጠ ሄዶ በሩ ላይ ቆመ። ካድሬው ሳይጠየቅ ወጥቶ ጎንበስ አለና ሁለቱንም እግሮቹን ዳሰሰ።

በነሐሴ መጨረሻ ካድሬው ለስብሰባ ጠራን። "ከዛሬ ጀምሮ አታምጡብኝ" አለ። "አምኛለሁ።" ዝሆኔ ያለበት ሰው ሁሉ ከአረም እንዲወጣ ተብሎ ተነበበ።

ሰው ሲበተን ጋሽ ላምቦሬ ቃሬዛውን አጥቦ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሲሰቅለው አየሁና ለምን እንደማያፈርሰው ጠየቅሁት።

"ካድሬ ይቀየራል" አለኝ።

በመስከረም ሌላ ካድሬ መጣ። ቃሬዛው ከግድግዳው ወረደ፤ አዲሱ ካድሬ መጀመሪያ ያየው የጎረቤቴን የእትዬ ሙሉን እግር ነው።